ያለ ጓንት የማይነካ ዋንጫ

(የአንድ ቲያትር ቤት ዕቃ ክፍል። ግድግዳውን ተደግፈው የእንጨት ጠመንጃዎችና የካርቶን ምሰሶዎች ቆመዋል። ጥግ ላይ አንገቷ የተቀጠለ የጨርቅ ዝይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእሷ አለፍ ብሎ የእጅ መታጠቢያ አለ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሶች፣ ብሩሾች፣ አንድ ሰይፍና አንድ ዘውድ ይታያሉ። ለብቻው በተተወ መደርደሪያ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ዝገት የወረሰው የመዳብ ዋንጫ አለ። ቀለሜ የመድረክ ዕቃ ሠሪ ነው፤ አላውቅም ብሎ ስለማያውቅ ቀለሜ ይሉታል። ንጉሡ ተዋናይ ነው፤ ንጉሥ ሆኖ ከመሞት ሌላ ሥራ ስለማይሰጡት ንጉሡ ይሉታል። የቀለሜን እህት ያገባ አማቹ ነው። አዲሱ ቲያትር ዛሬ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ይታያል።)

ቀለሜ: አትንካው።

ንጉሡ: አልነካሁትም። እያየሁት ነው።

ቀለሜ: በጣትህ ነው የምታየው?

ንጉሡ: ጣቴ ቀድሞ ደርሶ ነው። ዓይኔ እየመጣ ነው።

ቀለሜ: ወደ ኋላ በል። ትንሽ ጨምር። በቃ፣ እዚያ ዝይዋ ጋ ቁም።

ንጉሡ: ዝይዋም መርዝ አለባት?

ቀለሜ: ዝይዋ ጨርቅ ናት።

ንጉሡ: ለነገሩ ከእሷ ጋር ብቆም ይሻለኛል። እሷም አንገቷ ከተቀጠለ ወዲህ መድረክ አላየችም። አማቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና ልሂድልህ። በዚህ ዋንጫ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?

ቀለሜ: ይሄ እንዲህ በቁም የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ንጉሡ: በቁሜ ነው እኮ የተጠየቅኩት። አዘጋጁ በር ላይ ያዘኝና "ሂድ ቀለሜን ጠይቀው። ይጠጣበታል ካለ ጠጥተህ ትሞታለህ፤ አይጠጣበትም ካለ መልእክተኛው ይገባና ንጉሡ ሞቱ ብሎ ይናገራል" አለኝ።

ቀለሜ: ጥሩ መፍትሔ ነው። ማንም ሳይጎዳ ሬሳ ይገኛል።

ንጉሡ: ምኑ ነው መፍትሔው? ያለኝ ትዕይንት እኮ እሱ ብቻ ነው። እገባለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እሞታለሁ። መጠጣቱን ከወሰድክብኝ መሞቱም ቀረ። መሞቱ ከቀረ ደግሞ ምን ልሠራ እገባለሁ?

ቀለሜ: አትገባማ። ቤትህ አርፈህ ትሞታለህ።

ንጉሡ: እናትህ ዛሬ ማታ ይመጣሉ።

ቀለሜ: እማዬ? ማን ጠራት?

ንጉሡ: እኔ ነኝ የጠራኋቸው። ከፊት ወንበር ነው ያስያዝኩላቸው። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ተዋናይ ነኝ እላቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ መድረክ ላይ ቆሜ አይተውኝ አያውቁም።

ቀለሜ: ባለፈው መጥታ አልነበር እንዴ?

ንጉሡ: ባለፈው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ነበርኩ እኮ። ሟቹ ንጉሥ።

ቀለሜ: ልክ ነህ፤ እሱን የሣልኩት እኔ ነኝ። እማዬ ከቲያትሩ ስንወጣ "ልጁ ዛሬ ምን ሆኗል፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይተነፍስ አመሸ" ብላኝ ነበር።

ንጉሡ: ከዚያ በፊት በነበረው ደግሞ መጋረጃው ሳይከፈት ነው የሞትኩት። ሲከፈት የታዩት አልቃሾቹ ናቸው። እናትህ አብረው አለቀሱ፤ ለማን እንደሆነ ግን አላወቁም። ዛሬ በዓይናቸው ፊት፣ መብራት በርቶልኝ ልሞት ነው። አንተ ደግሞ ጤና ትለኛለህ።

ቀለሜ: ይስሙኝ ግርማዊነትዎ። እኔ ብሩሽ ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ ስለቀልቅ የምውል ሰው አይደለሁም። ይሄ ዋንጫ ሲመጣ እንደ ሙሽራ ያበራ የነበረ አዲስ መዳብ ነው። በአሲድ አቃጠልኩት፣ በአሞኒያ አጠንኩት፣ ጨው ነሰነስኩበትና በላስቲክ ሸፍኜ አሳደርኩት። ሲነጋ የአያት ቅድመ አያት ዕቃ ሆኖ ጠበቀኝ። ዕቃ የሚያስረጅ ኬሚካል ነው የምልህ።

ንጉሡ: እህትህ እኔን ያለ ኬሚካል ነው ያስረጀችኝ።

ቀለሜ: ቀልዱን ተወውና አዳምጠኝ። ይሄ የምታየው አረንጓዴ ቀለም አይደለም። መዳቡ ራሱ ተበልቶ የተፋው ጨው ነው። በባዶ እጅህ ስትይዘው ላብህ ያሟሟዋል። ከእጅህ ወደ አፍህ፣ ከአፍህ ወደ ሆድህ ይሄዳል። መጀመሪያ አፍህን ብረት ብረት ይልሃል። ቀጥሎ ያስመልስሃል። ከዚያ ሆድህን ይዘህ ትወድቃለህ።

ንጉሡ: ጽሑፉ ላይም እንደዚያው ነው የሚለው፤ "ሆዱን ይዞ ይወድቃል።"

ቀለሜ: ጽሑፉ ላይ የሚወድቀው ተነሥቶ እጅ ሊነሣ ነው። ይሄኛው አይነሣም።

ንጉሡ: ቫርኒሽ ቢቀባስ?

ቀለሜ: ቫርኒሽ ለእጅ ነው። ሰይፍ እጀታ ላይ፣ በር ላይ፣ ዘውድ ላይ ይሁን፤ በደንብ ከደረቀና ካልተላጠ ሰው ይይዘዋል። ከንፈር ግን ሌላ ነገር ነው። ጥርስ ይጭረዋል፣ ምራቅ ያረጥበዋል። አንተ ደግሞ በልምምድ ላይ አይቼሃለሁ። ሰው ሲመረዝ ዋንጫውን ይጥላል፤ አንተ ትግጠዋለህ።

ንጉሡ: ሕይወት እንዴት እንደምታሳሳ እያሳየሁ ነው።

ቀለሜ: ያቺ በልምምድ የምትይዛት የውሃ ኩባያ ጠርዟ አልቋል እኮ። በዚህኛው እንደዚያ ብታደርግ መጋረጃው ሳይዘጋ አንተ ትዘጋለህ።

ንጉሡ: እሺ። ቢታጠብስ?

ቀለሜ: በውሃ? አይነቃነቅም። ብረቱን ነክሶ ነው የያዘው።

ንጉሡ: በውሃ አላልኩም። እንዲያው ዝም ብዬ ሳስበው፣ ለምሳሌ በሎሚና በአመድ።

ቀለሜ: (እየሳቀ) ሎሚና አመድማ ርቃኑን ነው የሚያስቀሩት። ዛሬ እንደተገዛ ነው የሚያበራው።

ንጉሡ: ፊትህን ያሳይሃል።

ቀለሜ: እንዴት አወቅህ?

ንጉሡ: ግምት ነው።

ቀለሜ: ለመሆኑ የትኛው ጅል ነው ያን ሁሉ የለፋሁበትን ሥራ በሎሚ የሚፈትገው?

ንጉሡ: ጅል አትበል። ማን እንደሆነ አታውቅም።

ቀለሜ: ማን የሆነው?

ንጉሡ: ማንም። ወደፊት የሚፈትገው ሰው። የምታከብረው ሰው ቢሆንስ?

ቀለሜ: የማከብረው ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አይሠራም። አሁን ሥራ አታስፈታኝ። ዛሬ ማታ መጋረጃ ከመከፈቱ በፊት ሰይፉንና ዘውዱን መጨረስ አለብኝ።

(ቀለሜ ቢጫ የላስቲክ ጓንት ያጠልቃል። ብሩሹን ከጠርሙሱ ነክሮ ሰይፉን መቀባት ይጀምራል። ኬሚካሉ በጓንቱ ጣቶች ላይ ይንጠባጠባል።)

ንጉሡ: ይሄስ ምንድነው?

ቀለሜ: ያው ነው። አዘጋጁ ዋንጫውን ከሩቅ አይቶ ወደደው። "ሰይፉም ዘውዱም ልክ እንደዚህ አረንጓዴ ይሁኑልኝ" አለኝ።

ንጉሡ: ይሄ ግን የሚጠቁር ይመስላል።

ቀለሜ: ገና ነው።

ንጉሡ: ትናንትም ገና ነው ብለኸኝ ነበር።

ቀለሜ: ኬሚካል እንደ ልጅ ነው፤ ታናሹ እንደ ታላቁ አይወጣም። ያ ዋንጫ ራሱ መጀመሪያ ስሰጥህ እንዲህ አላማረም ነበር። አንተ ቤት ሰንብቶ ሲመለስ ጊዜ ነው አረንጓዴው የጎመራው። የቤታችሁ አየር ሳይስማማው አልቀረም።

ንጉሡ: የቤታችን አየር እንኳ መልካም ነው።

ቀለሜ: ርጥበት ነው፣ ሌላ አይደለም። ካመጣህልኝ ቀን ጀምሮ እኔ ራሴ አልነካሁትም። አልቀረብኩትምም። ባለሙያ ማለት የሠራውን የሚፈራ ነው።

ንጉሡ: አማቼ፣ ጉንዳን።

ቀለሜ: የት?

ንጉሡ: ከመስኮቱ ተነሥተው፣ በግድግዳው ወርደው፣ በመደርደሪያው ጠርዝ አድርገው ወደ ዋንጫው ይሄዳሉ። ተሰልፈው ነው። ሰይፉን ዞር ብሎ ያየው አንድም የለም።

ቀለሜ: የታወቀ ነገር ነው። የመዳብ ጨው ጉንዳን ይስባል።

ንጉሡ: አይገድላቸውም?

ቀለሜ: ይገድላቸዋል። ቀስ ብሎ ነው።

ንጉሡ: ይሄኛው ትናንትም ነበር። ወፍሯል።

ቀለሜ: እብጠት ነው።

ንጉሡ: ቤተሰቡን ይዞ ነው የመጣው።

ቀለሜ: ሊሰናበታቸው ነዋ።

ንጉሡ: ሽታውስ? ከዚህ ከዝይዋ ጋ ሆኜ ቸኮሌት ቸኮሌት ይለኛል።

ቀለሜ: የአሞኒያ ቅሪት ነው። አሞኒያ ሲሰነብት ይጣፍጣል። ደስ የሚል መርዝ ነው ሰው የሚጨርሰው፤ የሚያስጠላውንማ ማን ይቀምሳል?

(ብሩሹን ያስቀምጣል። ያንኑ ጓንት እንዳጠለቀ ዋንጫውን አንሥቶ ጠርዙን ይዞ እያዟዟረ፣ በአውራ ጣቱ እያሻሸ ያሳያል።)

ቀለሜ: እዚያው ሆነህ እይ። ይሄን ጥልቀት ታየዋለህ? ከሥር ቡናማው፣ ከላይ አረንጓዴው፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ይሄ ነጭ ብናኝ። ይሄን የሰው እጅ አይሠራውም። ይሄ ኬሚስትሪ ነው።

ንጉሡ: የማንም እጅ?

ቀለሜ: የማንም።

ንጉሡ: ይህን ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት።

ቀለሜ: ማን?

ንጉሡ: ኬሚስትሪ። አማቼ፣ ትንሽ ረገፈብህ።

ቀለሜ: ዝገት ይረግፋል።

ንጉሡ: ጓንትህም ላይ እየተጣበቀ ነው።

ቀለሜ: የአየሩ ርጥበት ነው አልኩህ እኮ። (ዋንጫውን መልሶ ያስቀምጣል)

ንጉሡ: ጉንዳኖቹ ዞረው ተመለሱ።

ቀለሜ: ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ።

ንጉሡ: እኔም እዚሁ ነበርኩ እኮ።

ቀለሜ: አንተን ከሰው አልቆጠሩህማ። ስማ፣ እኔ ጨካኝ አይደለሁም። ስለ ሞትህ አስቤበታለሁ። ጓንት ታደርጋለህ። ዋንጫውን ታነሣለህ። አፍህ ጋ ሳይደርስ እዚህ አገጭህ ፊት ታቆመውና ጉሮሮህን ብቻ ከፍ ዝቅ ታደርጋለህ።

ንጉሡ: ሳልጠጣ?

ቀለሜ: ትጠጣለህ። ከርቀት።

ንጉሡ: ከርቀት እንዴት ይጠጣል?

ቀለሜ: ተመልካቹም ከርቀት ነው የሚያይህ። ይመጣጠናል።

ንጉሡ: እናትህ ከፊት ወንበር ናቸው። ገበታ ላይ ስንት ጊዜ እንደጎረስኩ የማይስቱ ሴት እኮ ናቸው። ለመሆኑ ጓንቱ ምን ዓይነት ነው?

ቀለሜ: እንደዚህ ያለ፣ ቢጫ።

ንጉሡ: ንጉሥ በዘውድና በቢጫ የላስቲክ ጓንት። ሰዉ "ዕቃ አጥበው ሳይጨርሱ ሞቱ" ነው የሚለው።

ቀለሜ: ታታሪ ንጉሥ ነው፤ ሕዝቡ ይወደዋል።

ንጉሡ: ደግሞ አስበው እስቲ። ጓንት ካደረግኩ መርዝ እንዳለበት አውቄያለሁ ማለት ነው። ካወቅኩ ለምን እጠጣለሁ?

ቀለሜ: ለዚያ አይደል ከርቀት የምትጠጣው?

ንጉሡ: ሌላ ዋንጫ ቀብተህ ስጠኝ እንግዲያው። በቀለም።

ቀለሜ: አዘጋጁ ይሄን ካላየሁ ብሏል። ይሄን መሰል አረንጓዴ ደግሞ በቀለም አይገኝም፤ በኬሚካልም ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። በቃ፣ አንተ ልታስጨርሰኝ ነው። ሄጄ መልእክተኛው ይግባ ልበላቸው።

(ጓንቱን እንዳደረገ ወደ በሩ ይሄዳል። ንጉሡ ቀድሞት በሩ ላይ ይቆማል።)

ንጉሡ: መልእክተኛው እኮ ይንተባተባል።

ቀለሜ: ሐዘን ነው ይሉለታል። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለ?

ንጉሡ: የነበረ ነው የሚባለው። እሱ የት ነበረ? ሞቴን ከሩቅ ሰምቶ በአንድ ትንፋሽ ሊጨርሰው ነው።

ቀለሜ: ያንተንም ሞት አይተነዋል። አንተ ስትሞት ሰው ወጥቶ ስልክ አውርቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ገና ግድግዳ ተደግፈህ ነህ። ልለፍ።

ንጉሡ: ዋንጫው መርዝ የለበትም።

ቀለሜ: የሠራሁት እኔ ነኝ።

ንጉሡ: መጀመሪያ የሠራኸው አንተ ነህ።

ቀለሜ: መጀመሪያ ማለት?

ንጉሡ: አትቆጣ። ተቀመጥ። ወደ ጠረጴዛው አይደለም፣ በርጩማው ላይ። ዝይዋን ጠጋ አድርጋት። እንግዲህ ዕቃ የሚይዝ ሰው ዕቃውን ቤቱ ወስዶ ይልመደው የሚባል ወግ አለን አይደል?

ቀለሜ: አለን። የሰይፉ ሰውዬ ሰይፉን ታጥቆ ባንክ ቤት ገብቶ ታስሮ ያስለቀቅነውን ረሳኸው?

ንጉሡ: ለእኔም ዋንጫውን ከነከረጢቱ ሰጠኸኝ። በጓንት ያዘው አልክ፣ ያዝኩት። ከምግብ ዕቃ ጋር እንዳታስቀምጠው አልክ፣ መታጠቢያ ቤት መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ እናትህ ሊጠይቁን መጡ።

ቀለሜ: (ዝቅ ባለ ድምፅ) እማዬ።

ንጉሡ: እናትህን ታውቃቸዋለህ። እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡና ከረጢት አዩ። ከረጢት ካዩ ደግሞ…

ቀለሜ: ትከፍታለች።

ንጉሡ: ከፍተው የቆሸሸ ዕቃ ካዩስ?

ቀለሜ: አትንገረኝ።

ንጉሡ: "ልጄ ቤት እንዲህ ያለ ጉድ" አሉ። ሎሚ አምጡ አሉ። አመድ አሉ። እኔ ከሥራ ስገባ ዋንጫው ውስጥ አንድ የደነገጠ ሰው አየሁ። ፊቴ ነበር።

ቀለሜ: እጇስ? በባዶ እጇ ነው የነካችው? አላሳከካትም? በዚያ እጇ ዓይኗን አልነካችም? አንተ ሰው፣ ተናገር እንጂ።

ንጉሡ: ተረጋጋ። ጓንት አድርገው ነበር።

ቀለሜ: ማን ነገራት?

ንጉሡ: ማንም አልነገራቸውም። "ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን የልጄ እጅ አለበት። ድመቷን ሰማያዊ ካደረጋት ጀምሮ እሱ የነካውን በባዶ እጄ አልነካም" ነው ያሉት።

ቀለሜ: (እፎይ ብሎ) ድመቷ ራሷ ናት ባልዲው ውስጥ የገባችው። ቆይ፣ ታዲያ ይሄ መደርደሪያው ላይ ያለው ምንድነው?

ንጉሡ: እህትህ።

ቀለሜ: እህቴ ኬክ ነው የምትሠራው።

ንጉሡ: አዎ።

(ቀለሜ ዋንጫውን ያያል። ቀጥሎ ንጉሡን ያያል። ቀጥሎ ዝይዋን።)

ንጉሡ: እኔማ ምን ብዬ ፊትህ እንደምቆም ጨንቆኝ ስንቆራጠጥ፣ እሷ "ወንድሜን ለእኔ ተወው። ነገሩ ይመር እንጂ እኔ ነኝ የሠራሁት ብሎ ያምናል" አለች። ሥሩ ካካዎ ነው። አረንጓዴው በስኳር ዱቄት የተለወሰ የኬክ ቀለም ነው። ያ ነጭ ብናኝ ደግሞ…

ቀለሜ: የመዳብ ጨው ነው።

ንጉሡ: በወንፊት የተነፋ ስኳር ነው። ውስጡ ጥንቃቄ ይኑረው ብላ የትንሿን ልጃችንን የፕላስቲክ ኩባያ ከታችኛው ጫፍ እስከ አፉ አስገባችበት። አጎንብሰህ ብታይ ኖሮ ታች ጥንቸል ተስላለች።

ቀለሜ: ውስጡን አላየሁም። ትነቱን ፈርቼ።

ንጉሡ: ሳምንቱን ሙሉ?

ቀለሜ: ጥንቃቄ ነው። አዘጋጁ ፊት ቆሜ እኮ መዳብና አሞኒያ እንዴት እንደሚዋሐዱ አስረድቻለሁ። እጄን እያወራጨሁ።

ንጉሡ: እኔም ነበርኩ። ስኳሩ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ቀለሜ: አይደለም። አይሆንም። እኔ አሞኒያን ከስኳር ሳልለይ አልቀርም። ለመጠጣት ስትል የፈጠርከው ነው። አሁን አረጋግጣለሁ።

(ተነሥቶ በጓንቱ አመልካች ጣት የዋንጫውን ጎን ይጠርግና ጣቱን ወደ አፉ ይወስዳል። ንጉሡ ዘሎ ክንዱን ይይዘዋል።)

ንጉሡ: አትቅመስ።

ቀለሜ: ይኸው፣ ዋሸህ። ካካዎ ነው አላልክም?

ንጉሡ: ካካዎው ካካዎ ነው። ጓንቱስ?

(ሁለቱም ጓንቱን ያያሉ። ከጓንቱ ወደ ሰይፉ፣ ከሰይፉ ወደ ጠርሙሱ ዓይናቸውን ይወስዳሉ። በመጨረሻ ዋንጫው ላይ ያሳርፋሉ።)

ቀለሜ: ይሄ… ሰይፉን የቀባሁበት ነው።

ንጉሡ: ዋንጫውንም ያገላበጥክበት። ጥልቀቱን እያሻሸህ ያሳየኸኝ።

ቀለሜ: ጠርዙን ነክቼዋለሁ?

ንጉሡ: ከንፈር የሚያርፍበትን ይዘህ ነው ያዞርከው። ጉንዳኖቹ ለምን የተመለሱ መሰለህ? ሰው አይተው አይደለም።

ቀለሜ: (ቀስ ብሎ) የፈሩት ይደርሳል።

ንጉሡ: ሳምንቱን ሙሉ ጥንቸል ያለባት የልጅ ኩባያ ነበር። ዛሬ ከመርዝ ላድንህ ብለህ መረዝከው።

ቀለሜ: ጓንት እኮ የሚደረገው እጅን ሊጠብቅ ነው።

ንጉሡ: ያንተን።

(ቀለሜ ጓንቱን ገልብጦ ያወልቅና በከረጢት አስሮ ያስቀምጣል። ወደ መታጠቢያው ሄዶ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ አይበቃውም፣ ደግሞ ይታጠባል። በሩ ይንኳኳል፤ ከውጭ የአዘጋጁ ድምፅ ይሰማል።)

ቀለሜ: (ጀርባውን እንደሰጠ ወደ በሩ) አቤት። … እየተዘጋጀ ነው። … አዎ፣ ሰይፉም ዘውዱም፣ ያው አረንጓዴ። … አይ፣ ይጠጣበታል። እኔ ነኝ ያልኩት። መልእክተኛውን ተወው። (ወደ ንጉሡ ዞሮ) ሞቱ ምን ያህል ይረዝማል ይላል።

ንጉሡ: እስኪበቃኝ በለው።

ቀለሜ: (ወደ በሩ) አጭር ነው ይላል። (የአዘጋጁ ድምፅ ይርቃል። ፎጣ ይፈልጋል፤ አያገኝም፤ በልብሱ እንዳይጠርግ እጁን አየር ላይ ዘርግቶ ይቆማል) በል እህቴን ጥራልኝ።

ንጉሡ: ሊነሡ ነው፤ እናትህን ይዛ ትመጣለች። ምን ይዛ ትምጣ?

ቀለሜ: ካካዎውን። ስኳሩን። ያን የኬክ ቀለም። ብዙ አድርጋ ትያዝ፤ ዘውዱም አለ።

ንጉሡ: ዘውዱ መብራት ሥር አይቀልጥም?

ቀለሜ: ይቀልጣል።

ንጉሡ: ግድ የለም። ከመቅለጡ በፊት እሞታለሁ።

ቀለሜ: ከአንተ አሟሟት አንጻር ያጠራጥራል። ሰይፉ እንዳለ ይቅር፤ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ። ጠቁሯል ካሉም ጥቁር ሰይፍ ነው። እማዬ ደግሞ… ሎሚ ትያዝ።

ንጉሡ: ዋንጫው ድጋሚ ሊፈተግ?

ቀለሜ: በሳሙና፣ ከዚያ በሎሚ፣ ደግሞ በሳሙና። የጥንቸሏ ኩባያ ይጣል፤ ሌላ ንጹሕ ይግባበት። አፉ ከመዳቡ ከፍ ይበልና ወደ ውጭ ይታጠፍ፤ ከንፈርህ ባዶ መዳብ እንዳይነካ። የምትጠጣው ውሃ ብቻ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ከመዳብ ጋር አይስማማም። ይሄንን እንኳ በእርግጥ አውቃለሁ።

ንጉሡ: ታውቃለህ እንጂ። የተናገርከው ሁሉ ልክ ነበር። ዋንጫው ነው ሌላ የነበረው።

(ንጉሡ ስልክ አውጥቶ ጥግ ይዞ በሹክሹክታ ያወራል። አንዴ ይስቃል፤ ቀለሜን አይቶ ሳቁን ይውጣል።)

ቀለሜ: ምን አለች?

ንጉሡ: ትመጣለች። ግን የምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ እንዳይኖር ብላለች።

ቀለሜ: አነሣዋለሁ።

ንጉሡ: አንተም እንዳትኖር ብላለች።

ቀለሜ: የራሴ ክፍል እኮ ነው።

ንጉሡ: ክፍሉን አልወሰደችብህም። ጠረጴዛውን ነው ያለችው። እናትህም ከጎኗ ሆነው "ምንም እንዳይነካ በሉት፣ በሩንም በክርኔ ነው የምከፍተው" ይላሉ።

ቀለሜ: ታዲያ የት ልሁን?

ንጉሡ: ዝይዋ ጋ ቁም።

(ቀለሜ ጠርሙሶቹን ከድኖ ወደ ቁም ሳጥኑ ያስገባል፤ ሰይፉንም ያነሣል። ደግሞ እጁን ይታጠባል። ሄዶ ዝይዋ አጠገብ ይቆማል። ንጉሡ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ደረቱን ነፍቶ አሟሟቱን በለሆሳስ ይለማመዳል። ቀለሜ አንገቱን አስግጎ ዋንጫውን ይመለከታል፤ ሳያስበው እጁ ይዘረጋል።)

ንጉሡ: አትንካው።

ቀለሜ: አልነካሁትም። እያየሁት ነው። (እጁን ይሰበስባል) አማቼ።

ንጉሡ: አቤት።

ቀለሜ: እህቴ ቀብታ ስትጨርስ፣ ሳህኑ ላይ የሚተርፍ ካካዎ ካለ… ትንሽ አልቀምስም?

ንጉሡ: ትቀምሳለህ እንጂ።

(ቀለሜ ደስ ብሎት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይላል።)

ንጉሡ: ከርቀት።